የጦር ትምህርትና ራስን መግዛት፦ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከምሥራቁ ቆላ እስከ መተማ

መግቢያ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት የጦር ትምህርት ለውጊያ ቀን ብቻ የሚያገለግል ሙያ ተደርጎ አይታይም ነበር። አንድ ወጣት ፈረስ መግራት፣ ጦር መወርወርና በጋሻ መመከት ሲማር፣ ከዚያው ጋር ረኃብን መቻል፣ ፍርሃትን መዋጥ፣ የአለቃን ቃል መስማትና ቁጣን ማሳደር አብሮ ይማራል ተብሎ ይታመን ነበር። ጎበዝ የሚለው ቃል ራሱ ይህን ሁለት ወገን ይዟል፤ ክንደ ብርቱውንም ምግባረ ብርቱውንም ይጠራል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይገኛሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ሳይፈተን መልስ አያገኝም።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሕይወት ላይ ይፈትናል። ንጉሠ ነገሥቱ ይበልጥ የሚታወሱት ከግብፅ፣ ከኢጣሊያና ከደርቡሽ ጋር ባደረጓቸው ጦርነቶች፣ በቦሩ ሜዳ ጉባኤና በመተማ አሟሟታቸው ነው። እዚህ የሚመረመረው ከአንዱ ዘመቻ ወደ ሌላው የተማሩት፣ የተማሩትንም የጠበቁበትና የተዉበት ሁኔታ ነው። ለዚህ ምርመራ ቆቦና የራያ ቆላ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። ካሳ ምርጫ ገና ሸፍቶ ሲንከራተት የተጠጋው ከራያ ሜዳ ጋር የሚጎራበተውን የምሥራቁን ቆላ ነበር፤ ዘውድ ከጫነ በኋላ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ዘመቻዎቹ አንዱ በዚያው በቆላው ሕዝብ፣ በራያና በአዘቦ ላይ ሆነ።

ቆቦና የራያ ቆላ

ከየጁ ተነሥቶ የአለውሃን ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ ሰፊ ሜዳ ይገጥመዋል። በምዕራብ የላስታና የወፍላ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ሜዳውን ከአፋር በረሃ ይለዩታል። ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የቆቦ ሜዳ በእነዚህ መካከል ተኝቷል። ዝናቡ አጭርና የማይታመን ቢሆንም ደጋው ላይ የዘነበው ውኃ በጎሊናና በሆርማት ወንዞች እየጋለበ ይወርዳል። ገበሬው ይህን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ወደ ማሽላ ማሳው ያስገባል። ጎርፉ የሚመጣበትን ሰዓት የሚያውቅ፣ በሌሊትም ቢሆን ተነሥቶ ከጎረቤቱ ጋር ውኃውን የሚቀይስ ሰው እህል ያገባል፤ የዘገየ ግን ዓመቱን ያጣል።

የራያ ሕዝብ በዚህ መሬት ላይ ከብት አርቢም እህል አምራችም ሆኖ ኖሯል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬውና አገው ተጋብቶና ተዋልዶ የጋራ ባህል ያበጀበት፣ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ የሚውልበት አገር ነው። ከደጋው በኩል ግብር ጠያቂ መኳንንት፣ ከበረሃው በኩል ግጦሽና ውኃ የሚሻ ጎረቤት ስለነበረበት የጦር መሣሪያ ከወንዱ እጅ የማይለይ ሆነ። ወጣቱ ከብት ሲጠብቅ ዱላ መመከትና ጦር መወርወር ይማራል። ሲጎለምስ ጋዝ ወደሚባለው የወረራ ጉዞ ይወጣል። ጋዝ ከብት የሚገኝበት ብቻ አልነበረም፤ ወጣቱ ወንድነቱን በማኅበረሰቡ ፊት የሚያስመሰክርበትም ነበር።

ይሁን እንጂ ይኸው ማኅበረሰብ የጦረኛነትን ልክ የሚያበጅ ሌላ ሥርዓትም ነበረው። ደም በፈሰሰ ጊዜ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ የገዳይንና የሟችን ወገን አነጋግረው፣ ካሳ አስከፍለው የሚያስታርቁበት ዘወልድን የመሰለ ባህላዊ ሽምግልና ነበር። የሽማግሌው ቃል የሚከበረው በብዙ ሁኔታ እሱም በጉልምስናው ጦር ይዞ የዋለ በመሆኑ ነው፤ መግደልን የሚያውቅ ሰው መግደል ይብቃ ሲል ይደመጣል። የራያ ባህል እንግዲህ የጦር ትምህርትን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል፤ ወጣቱ መምታትን ይማራል፣ ሽማግሌው አለመምታትን ያስተምራል። የዐፄ ዮሐንስ ሕይወት በዚህ መለኪያ ሊታይ ይችላል።

የተምቤኑ ባላባት ልጅ

ካሳ የተወለደው በ1820ዎቹ ዓ.ም. በተምቤን፣ ማይ በሃ በሚባል ቦታ ነው። አባቱ ሹም ተምቤን ምርጫ ወልደ ኪዳን፣ እናቱ ደግሞ የእንደርታው የድምፁ ልጅ ወይዘሮ ሥላስ ናቸው። ትውልዱ ከስመ ጥሩው ራስ ሚካኤል ስሑል ይደርሳል። አጎቱ አርአያ ድምፁ ባልጋዳ የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ ይህም ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ደጋ የሚወጡትን ቅፍለቶች የሚመራና የሚያስጠብቅ ሹም ስም ነው። ስለዚህ የካሳ ቤተሰብ ደገኛ ቢሆንም ዓይኑ ከምሥራቁ ቆላ ተነቅሎ አያውቅም ነበር። የጨው መንገድ፣ የበረሃ መሪዎችና የቆላ ባላባቶች ለዚህ ቤት እንግዳ አልነበሩም።

የዘመኑ የመኳንንት ልጅ ሁለት ዓይነት ትምህርት ያገኝ ነበር። ከካህናት ፊደልና ዳዊት ይማራል፤ ከአባቱ ጭፍሮች ዘንድ ደግሞ ፈረስ ግልቢያ፣ ጉግስ፣ ጦር ውርወራ፣ አደንና ተኩስ ይለማመዳል። ጉግስ በተለይ ጨዋታ የሚመስል ግን ከባድ ትምህርት ነው። ጋላቢው በሙሉ ሩጫ ላይ ሆኖ ከኋላው የሚወረወርበትን ዘንግ ሳይደነግጥ በጋሻው መመለስ፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ሳይቸኩል ርቀቱን ለክቶ መወርወር አለበት። በንዴት የወረወረ ይስታል፤ የሳተም ይሣቅበታል። ካሳ በኋላ አባ በዝብዝ በሚል የፈረስ ስም የተጠራው በዚህ ባህል ውስጥ አድጎ ነው።

ወንድሞቹ ጉግሳና ማሩ ይባሉ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ለምርጫ ልጆች ሹመት ሲሰጡ ጉግሳን ደጃዝማች፣ ማሩን ፊታውራሪ፣ ካሳን ግን ባላምባራስ አሉት። ከሦስቱ ዝቅተኛው ማዕረግ ለእሱ ደረሰው። ካሳ በዚህ አዝኖ ብዙም ሳይቆይ ሸፈተ። የሽፍትነቱ መነሻ እንግዲህ ክብሬ ተነካ የሚል ቅያሜ ነበር፤ የኋላ ትዕግሥቱ ሲመዘን ይህ መነሻ መዘንጋት የለበትም።

የቆላው ስደት

በ1850ዎቹ መጨረሻ ካሳ ከትግራይ ደጋ ወርዶ በአፋር አገር ተጠጋ። ይህ ከራያ ሜዳ በስተምሥራቅና በስተሰሜን የሚያያዝ ቆላ ለደጋ ሰው ቀላል መኖሪያ አይደለም። ብዙ ጭፍራ ይዞ የሚሄድ ሰው በውኃ ጥም ያልቃል፤ ፈረስ ብዙ አይጠቅምም፤ የአገሩን መንገድና የውኃ ጉድጓድ የሚያውቅ መሪ ከሌለ ጀግንነት ከንቱ ነው። በደጋው የጦር ባህል ፉከራና ፊት ለፊት ግጥሚያ ትልቅ ቦታ ሲኖራቸው፣ በቆላው ግን የሚያዋጣው በጥቂት ሰው መንቀሳቀስ፣ ጠላት እስኪደክም መጠበቅና የማያሸንፉትን ውጊያ ትቶ ማለፍ ነው።

ከዚህም በላይ ስደተኛው በሌላ ሕዝብ ቸርነት ላይ ወድቋል። ጥበቃ ያደረጉለት በሃይማኖትም በቋንቋም የተለዩ ሰዎች ነበሩ። ካሳ እዚያ የአንድ አፋር ባላባት ልጅ አገባ። ሴቲቱ ከተጠመቀች በኋላ ጥበበ ሥላሴ ተባለች፤ አርአያ ሥላሴ የተባለውን ልጃቸውንም ወለደች። ጋብቻው የፖለቲካ ጥቅም እንደነበረው አያጠራጥርም። ሆኖም ጥበበ ሥላሴ ካሳ ከመንገሡ በፊት ከሞተች በኋላ ሌላ ሚስት ሳያገባ እስከ ዕለተ ሞቱ መኖሩ ግንኙነቱ ከጥቅም ያለፈ እንደነበረ ያሳያል።

ከቆላው ሲመለስ ካሳ የተለየ ሰው ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሚታየው ጠባዩ በትንሽ ኃይል መጀመር፣ ጠላትን ከጠላት ጋር አለያይቶ ማየት፣ ጊዜ እስኪበስል መጠበቅ ነው። ለላስታው ዋግሹም ጎበዜ ተገዢ መስሎ ቆየ፤ አቅሙ ሲጠና በ1859 ዓ.ም. ገደማ ተለይቶ የትግራይ ገዢ ነኝ አለ። ቅያሜ ያሸፈተው ወጣት ቅያሜውን ማሳደር ተምሯል።

ሰልፍ የለመደ ጦር

በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ዘምቶ በትግራይ በኩል ሲያልፍ ካሳ አልተዋጋውም፤ መንገድና ስንቅ ፈቀደለት። ጦሩ የአሸንጌን ሐይቅ አልፎ፣ የራያን ቆላ ከደጋው ጫፍ ቁልቁል እያየ ወደ መቅደላ ዘለቀ። ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ እንግሊዞች ሲመለሱ ለካሳ 12 መድፎችና ከ700 በላይ ጠመንጃዎች ከጥይት ጋር ትተውለት ሄዱ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን የውጭ ጦር ማሳለፍ እንደ ክህደት ይቆጥሩታል፤ ሌሎች ደግሞ ከቴዎድሮስ ጋር ቀድሞ የተጣላ ሰው ሊያደርገው የሚችል ምርጫ አድርገው ያዩታል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ካሳ መሣሪያውን ካገኘ በኋላ ያደረገው ነው።

በዘመኑ ጠመንጃ ማግኘት እንደ ሀብት ይታይ ነበር፤ ብዙ መኳንንት ጠመንጃን ለጭፍራ ሽልማት ወይም ለማስፈራሪያ ይዘውታል። ካሳ ጆን ኪርካም የተባለውን እንግሊዛዊ አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረ። ኪርካም ቀደም ሲል በቻይና ያገለገለ ሰው ነበር። ከካሳ ጭፍሮች መካከል የተመረጡትን በረድፍ መቆም፣ በትእዛዝ ማነጣጠር፣ በትእዛዝ መተኮስና መልሶ መጉረስ አስለመዳቸው። ይህ ለሐበሻ ወታደር ከባድ ለውጥ ነበር። የቀድሞው ተዋጊ ስሙ የሚነሣው ለብቻው ከሰልፍ ወጥቶ ሲገድልና ግዳይ ሲጥል ነው። በአዲሱ ሥርዓት ግን ከረድፉ ቀድሞ የሮጠ ሰው ጓዶቹን ያጋልጣል። የግል ዝና ለጋራ ሥርዓት ተገዛ ማለት ነው።

ውጤቱ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በአሰም ወንዝ ታየ። ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው፣ ከካሳ ጦር በብዙ የሚበልጥ ሠራዊት ይዘው መጡ። በቁጥር ያነሰው ግን ተኩስና ሰልፍ የለመደው ጦር አሸነፈ፤ ተክለ ጊዮርጊስም ተማረኩ። የሥልጠና ዋጋ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይሻም። ከድሉ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ተክለ ጊዮርጊስ የካሳን እኅት ድንቅነሽን ያገቡ አማች ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ዓይናቸው ጠፍቶ በተምቤን በአባ ሰላማ ገዳም ታሰሩ። ወታደሩ በትእዛዝ መተኮስንና ማቆምን ተምሯል፤ አለቃው ግን ድል ያደረገውን ሰው ሳይጎዳ መያዝን ገና አልተማረም ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱና የራያ ቆላ

ካሳ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከዚያ በኋላ ካደረጓቸው የመጀመሪያ ዘመቻዎች አንዱ ወደ አዘቦና ወደ ራያ ነበር። የዘመቻው ምክንያት ከነገሥታት አንጻር ግልጽ ነው፤ ቆላው ግብር አይገብርም፣ የደጋውን መንደር ይወርራል፣ ከትግራይ ወደ ወሎ የሚወስደውን መንገድ ያሰጋል። ከራያው አንጻር ሲታይ ግን መሬቱን በጎርፍ ውኃ አልምቶ፣ ድንበሩን በገዛ ወጣቱ አስጠብቆ የኖረ ሕዝብ ለማያውቀው ቤተ መንግሥት ከብቱንና እህሉን እንዲያስረክብ ተጠየቀ። የዘመኑ ሠራዊት ስንቁን ከሚያልፍበት አገር የሚበላ በመሆኑም ዘመቻ ማለት ለገበሬው የጎተራው መራቆት ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ዘመቻ ላይ ሳሉ ለግብፅ የሚያገለግለው ስዊዘርላንዳዊ ሙንዚንገር በ1864 ዓ.ም. ክረምት ቦጎስን ገብቶ ከረንን ያዘ። የራያ ዘመቻ እንግዲህ ለዐፄ ዮሐንስ ሁለት ትምህርት ሊሰጥ ይችል ነበር። አንደኛው፣ ከራስ ሕዝብ ጋር የሚደረግ ጦርነት የውጭ ጠላትን በር እንደሚከፍት ነው። ሁለተኛው፣ ቆላ በአንድ ዘመቻ የሚያልቅ ጉዳይ አለመሆኑ ነው፤ ጦሩ ሲመጣ ሕዝቡ ወደ ዞብልና ወደ በረሃው ይሸሻል፣ ጦሩ ሲመለስ ወደ እርሻው ይመለሳል። ይህ እሳቸው ራሳቸው በስደት ዘመናቸው የተማሩት ስልት ነበር። በስደት ያስጠጋቸውን ቆላ ሲነግሡ በጦር መግዛታቸው የሕይወታቸው ትልቅ ተቃርኖ ነው። ራያና አዘቦም ከእሳቸው በኋላ ለተነሡት መንግሥታት ጭምር በቀላሉ የማይገብሩ ሆነው ቀጠሉ።

ጉንደትና ጉራዕ

የግብፅ መስፋፋት በ1868 ዓ.ም. ወደ ጦርነት አመራ። በዴንማርካዊው አሬንድሩፕ የሚመራ 2,000 ያህል ዘመናዊ መሣሪያ የታጠቀ ጦር ወደ መረብ ሲወርድ ዐፄ ዮሐንስ አልቸኮሉም። ክተት አውጀው ሰው እስኪሰበሰብ ቆዩ፤ ጠላት ራሱ ወደ ገደላማው ቆላ እንዲገባም ተዉት። ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. በጉንደት ከከበቡት በኋላ ጦሩ ፈጽሞ ተደመሰሰ፤ አሬንድሩፕም ሞተ። በቆላ ስደት የተቀሰመው ትዕግሥት በመንግሥት ደረጃ ሲሠራ የታየው እዚህ ነው።

ግብፆች ከ10 ሺህ በላይ ወታደር ይዘው በዚያው ዓመት ተመለሱ። በጉራዕ ሜዳ ምሽግ ሠሩ። የካቲት 29 ቀን ከፊሉ ጦር ከምሽጉ ወጥቶ ሲሰለፍ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከቦ ሰበረው። ድሉ ተገኝቷል። ሆኖም በተከታዮቹ ሁለት ቀናት ወታደሩ በድል ስሜት ተነሣሥቶ በራሱ በምሽጉ ላይ ደጋግሞ ወረደ። ከግንብ ኋላ በሚተኩስ መድፍና ጠመንጃ ፊት ጀግንነቱ ብቻውን አልበቃም፤ የሞተውና የቆሰለው ቁጥር እጅግ በዛ። ዐፄ ዮሐንስ ጥቃቱን አቁመው ወደ ድርድር ዞሩ።

ከጉንደትና ከጉራዕ የተማረኩት ብዙ ሺህ አዳዲስ ጠመንጃዎችና መድፎች የንጉሠ ነገሥቱን ኃይል አበዙት። ከመሣሪያው ይልቅ የከበደው ትምህርት ግን በምሽጉ ሥር የቀረው ሬሳ ነበር። ሜዳ ላይ የወጣን ጠላት መምታትና የመሸገን ጠላት መምታት የተለያዩ መሆናቸውን፣ ያሸነፈ ጦር የሚቆምበትን ስፍራ ካላወቀ ድሉን በገዛ እጁ እንደሚያባክን ጉራዕ አሳየ።

የትዕግሥት ዓመታት

ከጉራዕ በኋላ ያሉት ዓመታት የዐፄ ዮሐንስ ራስን የመግዛት ዘመን ሊባሉ ይችላሉ። በ1870 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ሲዘምቱ ከምኒልክ የሚበልጥ ኃይል ነበራቸው። ሆኖም ውጊያ ሳይደረግ በሽምግልና በልቼ ስምምነት ተደረገ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መባላቸውን ትተው ገበሩ፤ ዐፄ ዮሐንስም ንጉሠ ሸዋ ብለው ዘውድ ጫኑላቸው። የአሰምን ድልና የተክለ ጊዮርጊስን ዕጣ ለሚያስታውስ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ1874 ዓ.ም. ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ሲዋጉም ንጉሠ ነገሥቱ በሁለቱ መካከል ገብተው ሁለቱንም ቀጡ እንጂ አንዳቸውንም አላጠፉም። ልጃቸውን አርአያ ሥላሴን ከምኒልክ ልጅ ከዘውዲቱ ጋር አጋቡት።

በግል ኑሯቸውም ጥብቅ ነበሩ። ከጥበበ ሥላሴ ሞት በኋላ ሚስት አላገቡም፤ ጾምና ጸሎት ያበዙ ነበር፤ ትንባሆን አጥብቀው ይከለክሉ ነበር። የሰፈር ኑሮን ከከተማ ኑሮ አብልጠው ከጦራቸው ጋር በድንኳን ብዙ ዘመን አሳለፉ። ሥጋን መግዛት በጦርነት የተጀመረ ልምድ ሆኖ በምናኔ መንፈስ የተፈጸመ ይመስላል።

ይሁንና በራስ ላይ የጸና ጥብቅነት በሌላው ላይ ሲጫን ግፍ ይሆናል። በዚያው በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ የወሎ እስላሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ታላላቆቹ መሪዎች መሐመድ አሊ ሚካኤል፣ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተብለው ተጠመቁ። ሕዝቡ ግን ከፊሉ ተሰደደ፣ ከፊሉ በሌሊት ሃይማኖቱን እየጠበቀ ቆየ፣ ከፊሉም እንደ ሼህ ጠልሃ ባሉ ሰዎች መሪነት መሣሪያ አነሣ። በተቃዋሚዎች ላይ የዘመተው ጦር በወሎ ከባድ ጉዳት አደረሰ። ከሸዋው ንጉሥ ጋር በሽምግልና የጨረሱ ሰው ከገበሬው ጋር ለመነጋገር ያንኑ ትዕግሥት አላገኙም። እኩያን የሚታገሥ ጉልበት ደካማውን ካልታገሠ ትምህርቱ ግማሽ መሆኑን የወሎ ታሪክ ይመሰክራል። ስደተኛውን ካሳን ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ያስጠጋው እስላም አፋር መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል።

ከሰዓጢ ወደ መተማ

በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ የኢጣሊያን ጦር ከደመሰሱ በኋላ ኢጣሊያ 20 ሺህ ያህል ወታደር ወደ ምጽዋ ላከች። በመጋቢት 1880 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ታላቅ ሠራዊት ይዘው በሰዓጢ ከምሽጉ ፊት ቆሙ። ኢጣሊያኖች ከምሽጋቸው አልወጡም። ሠራዊቱ ለመግጠም ቢቸኩልም ንጉሠ ነገሥቱ ጥቂት ከቆዩ በኋላ ሳይዋጉ ተመለሱ። ስንቅ እያለቀ ነበር፤ በሽታ ገብቷል፤ በዚያው ዓመት በጥር ደርቡሾች ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ጎንደርን አቃጥለዋል፤ የምኒልክና የተክለ ሃይማኖት መመካከርም ተሰምቷል። የጉራዕ ምሽግ ትዝታ ከእነዚህ ምክንያቶች ጋር ሳይደመር አልቀረም። በሰዓጢ የታየው መመለስ በፈሪነት ቢተረጎምም ከጦር ትምህርታቸው ሁሉ የበሰለው ፍሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኀዘንና ቁጣ ተከታተሉ። በሰኔ 1880 ዓ.ም. አንድያ ወራሻቸው አርአያ ሥላሴ በፈንጣጣ ሞተ። ተክለ ሃይማኖት ከዳ ብለው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ወደ ጎጃም ገብቶ አገሩን እጅግ አጠፋ። በደርቡሽ ጎንደር የተቃጠለበትን ሕዝብ ያስጠብቃሉ የተባሉት ንጉሥ ጎጃምን በገዛ ጦራቸው አራቆቱ። ወደ ምኒልክ ወይስ ወደ ደርቡሽ የሚለው ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ከዘመቻው በፊት ለደርቡሹ አዛዥ ለአቡ አንጃ የሰላም ሐሳብ ላኩ፤ የተመለሰላቸው ግን ስድብ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ መተማ ገሠገሡ።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ የደርቡሽ ጦር በእሾህ አጥርና በጉድጓድ ራሱን መሽጎ ይጠብቅ ነበር። በጉራዕ ብዙ ሰው ያስፈጀውና በሰዓጢ የታለፈው ዓይነት ምሽግ ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት ግን ገጠመው፤ በአንድ በኩልም አጥሩን ሰብሮ ገባ። ድሉ የቀረበ ሲመስል ከፊት ተሰልፈው የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በጥይት ተመቱ። የመጀመሪያው ቁስል እጃቸው ላይ እንደነበረና ውጊያውን እንዳልተዉ፣ ከዚያ ሌላ ጥይት እንዳገኛቸው ይተረካል። ወሬው ሲሰማ ያሸነፈው ጦር ተፈታ። ዐፄ ዮሐንስ ራስ መንገሻን ወራሽ አድርገው በማግሥቱ አረፉ። አስከሬናቸው ሲጓዝ ደርቡሾች ደረሱበት፤ አጎታቸው ራስ አርአያ ድምፁ ሬሳውን ሳይለቁ ሲዋጉ ሞቱ፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ማጠቃለያ

የዐፄ ዮሐንስ ሕይወት የጦር ትምህርት ሰውን ሊያሳድግ እንደሚችል ያሳያል። ስለ ማዕረግ ቅያሜ የሸፈተው ባላምባራስ በቆላ ስደት መጠበቅን፣ በኪርካም ሥልጠና የግል ዝናን ለሥርዓት ማስገዛትን፣ በጉራዕ ማቆምን ተምሯል። ልቼና ሰዓጢ የዚህ ትምህርት ማረጋገጫዎች ናቸው። የአገር ዳር ድንበርን ለመጠበቅ ሕይወታቸውን መስጠታቸውም በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚያስከብራቸው ሆኖ ይኖራል።

ይኸው ሕይወት የትምህርቱን ወሰንም ያሳያል። የተማሩትን ትዕግሥት ለንጉሦች ሲሰጡ ለራያ ከብት አርቢና ለወሎ ገበሬ ነፈጉት። በጎጃምና በመተማ ደግሞ ኀዘንና ቁጣ የበረቱበት ልብ ለ20 ዓመት የሠራውን ልጓም ፈታ። ራስን መግዛት አንድ ጊዜ ተምረው የሚያስቀምጡት ሀብት አለመሆኑ ከዚህ ይታያል፤ ዕለት ዕለት ካልተለማመዱት እንደ ጉግስ ክንድ ይዝላል።

በራያ ባህል ጦር የያዘው ወጣት ብቻውን አይተውም፤ ይብቃ የሚለው ሽማግሌ ከጎኑ አለ። በልቼ አስታራቂ ስለነበረ ሁለት ሠራዊት ሳይፋጅ ተመለሰ። ወደ ጎጃምና ወደ መተማ በተኬደ ጊዜ ግን ንጉሠ ነገሥቱን ሊመልስ የሚችል እንዲህ ያለ ድምፅ አልተገኘም። የጦር ትምህርት ሰውን ሙሉ የሚያደርገው የተማረው ሰው ይብቃ ለሚለው ቃል ጆሮውን ክፍት አድርጎ ሲኖር መሆኑን የዐፄ ዮሐንስ ታሪክ ያስገነዝባል።